ኮርኒሱን ልቀቁት

በኬንያ በኩል ባለችው የድንበር ሰፈራችን በጎዶማ ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ አንድ ለቅሶ አለው። «ቤቱስ ጥሩ ነበር፤ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ አምፖል የለውም እንጂ።» ቆጣሪው ይሠራል። ቶክን ከተሞላ ኃይል አለ። ግድግዳው ላይ ሶኬት አለ። ግን ከጣሪያው መሃል የምትንጠለጠል አንዲት አምፖል ስለጠፋች ቤቱ ጎደሎ ሆነ፤ አከራዩ ሌባ ሆነ፤ ተከራዩ እንግዳ መጥራት አፈረ።

በቃኝ። ይህን ለቅሶ በየደረጃው፣ በየሱቁ፣ በየቡናው ስሰማ ኖሬ በቃኝ። ብቻዬን ብቀርም እናገራለሁ፦ አከራያችሁ አንድ መልካም ነገር ሠርቶላችሁ ከሆነ ያቺን አምፖል መርሳቱ ነው። አስቦ አላደረገውም። ሶሌታው ሲሞላ የገመድ ቱቦ መቅበሩን ዘንግቶ፣ አለዚያም ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚከፍለው ቆጭቶት ነው። ቢሆንም ውለታ ነው። እናንተ ደግሞ ውለታውን በምስማር ትቸነክሩታላችሁ።

ፉንዲ የሚባለው ባለሙያ ይጠራል። ከሶኬቱ ቀጭን ገመድ ይስባል፤ በግድግዳው ጥግ ሽቅብ ያወጣዋል፤ ኮርኒሱን አቋርጦ መሃል ላይ ፖርታላምፓዳ ያንጠለጥላል። ገመዱ በየክንዱ በምስማር ተይዟል፤ አንዳንዱ ምስማር ዳሩን ሳይሆን ልቡን ወግቶታል። ከዚያ ነጭ አምፖል ይገባለትና ባለቤቱ አንጋጦ «አሁን ገና ቤት መሰለ» ይላል። ምን መሰለ? የኬላ መፈተሻ መሰለ! ሰው ሁሉ ግንባሩ እያብለጨለጨ፣ ዐይኑ ሥር ጥላ ወድቆበት፣ ኮንትሮባንድ የተያዘበት ይመስል ይቀመጣል። ይህን ነው ያጣችሁት? ለዚህ ነው ያለቀሳችሁት?

እስቲ እንመርምረው። ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል? ይበላል፣ ይወራል፣ ይነበባል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ቴሌቪዥን ይታያል። ከእነዚህ መካከል ኮርኒስ ላይ የሚሠራው የትኛው ነው? አንዱም። ሥራው ሁሉ ከወለሉ እስከ ደረታችን ነው። ብርሃኑን ግን ሥራ ወደሌለበት ሰቅለን ወደ ታች እስኪደርስልን እንጠብቃለን። ብርሃን ደግሞ ሲርቅ ይሳሳል፤ የሚሳሳውም በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው። ይህን በትምህርት ቤት ተምራችሁ፣ ተፈትናችሁ፣ አልፋችኋል። ከመጽሐፉ ግማሽ ሜትር ላይ የቆመች አምፖል፣ ሁለት ሜትር ላይ ከተሰቀለች ያቺው አምፖል 16 እጥፍ ታበራለታለች። ዐሥራ ስድስት! ፈተናውን ያለፈ ሰው ቤቱ ሲገባ ይህን ሁሉ የት ይጥለዋል?

የልጆቹን ጉዳይ ተመልከቱ። ልጅ ደብተሩን ይዞ ግድግዳ ጥግ ይቀመጣል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ አምፖሉ። የሚጽፈው በገዛ ጭንቅላቱ ጥላ ላይ ነው። አንገቱን ደፍቶ አፍንጫው ደብተሩን ሲነካ «ቀና በል! ዐይንህን ታጠፋለህ!» ይባላል። ልጁ ምን አጠፋ? ብርሃኑን ከኋላው የሰቀለበት ማን ነው? በግራ ትከሻው በኩል አንዲት ዝቅ ያለች መብራት ብትቆምለት ኖሮ ቁጣውም ባልኖረ። እማማም አሉ። የስድሳ ዓመት ዐይን ውስጡ የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመቱ ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። እሳቸው ውዳሴ ማርያማቸውን ከመስኮቱ ሥር ዘርግተው ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመጨረስ ይጣደፋሉ፤ ሲመሽ «ፊደሉ አልታይ አለኝ» ይላሉ። እኛም «እርጅና ነው እማማ» እንላለን። እርጅና ብቻ አይደለም። ስንፍናችንን በዕድሜያቸው እናሳብባለን።

ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ነጭ ብርሃን ሥልጣኔ፣ ቢጫ ብርሃን ድህነት ነው ያለን ማን ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ መብራት ኃይል የድሮዋን ባለ ሽቦ አምፖል እየሰበሰበ ቁጠባ አምፖል ያደለበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ኃይል ለመቆጠብ ነበር፤ ደግ ሥራም ነበር። ታዲያ ከቁጠባው ጋር አንድ እብደት ተከትሎ ገባ፦ ቤት የሚባለው ወረቀት መስሎ ሲነጣ ነው! ዛሬ ኤልኢዲ በሁሉም ቀለም ይሸጣል፤ ቢጫው የሚበላው ኃይል ከነጩ የሚለይ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፦ 2700 ኬልቪን የምሽት ሞቅ ያለ ብርሃን ነው፤ 6500 ደግሞ የቀትር ሰማይ። ባለሱቁን 2700 አለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። «እሱን ማንም አይገዛውም» ይላችኋል። ለምን አይገዛም? ያለፉት አያቶቻችን ሁሉ ምሽታቸውን ያሳለፉት በእሳት ቀለም ነው። ዐይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለመለየት የተቀመጡ ሕዋሳት እንዳሉ ከታወቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እነሱን አብዝቶ የሚቀሰቅሳቸው ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ነው። ማታ በሦስት ሰዓት ቀትር ሰቅላችሁ በስድስት ሰዓት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላላችሁ። እንቅልፍ ምን ያድርግ? ገና አልመሸም ብላችሁ የነገራችሁት እናንተ ናችሁ። የሚያዝያ ዝናብ መጥቶ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ቤቱን ሲሞላው ደግሞ መስኮት ዘግታችሁ በወበቅ ትቀቀላላችሁ። ነፍሳቱም የሚወዱት ያንኑ ነጩን ነው። ምርጫችሁ ከምስጥ ጋር አንድ ሆነ።

ግብዝነቱን ልብ በሉ። እነዚሁ ሰዎች ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ሲሄዱ ሆቴል አዳራሽ ገብተው ፎቶ ይነሳሉ። «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። ምኑ ነው ያማረው? ከሶፋው አጠገብ የቆመችው መብራት ናት። ጥግ ላይ ከአበባው ኋላ የተደበቀችው ናት። ቢጫ፣ ዝቅ ያለች፣ ፊትን የማታቃጥል። ዐይናቸው ያውቃል እኮ! ልባቸውም ያውቃል። ጎዶማ ሲመለሱ ግን ፉንዲ ጠርተው ፓውዛ ያስሰቅላሉ። ጎረቤት «ቤታቸው ጨለማ ነው» እንዳይል። ለጎረቤት አፍ ሲሉ በገዛ ዐይናቸው ላይ ይፈርዳሉ።

ጂፕሰም የሚባለው ወረርሽኝ ደግሞ አለላችሁ። አዲስ አበባ ሲኤምሲና አያት ላይ የአፓርታማ ሳሎን ሁሉ ጣሪያው ተጠማዞ፣ ተደራርቦ፣ ጉያው ውስጥ ሰማያዊ የመብራት ጥብጣብ ተጎዝጉዞለታል። አሁን ወደ እኛም እየወረደ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ባለ 7 ዋት 24 ስፖት 168 ዋት ነው። በምሽት አምስት ሰዓት ቢበራ 840 ዋት ሰዓት ይበላል። ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖል ሦስት ጥግ ላይ ብታቆሙ 27 ዋት ነው፤ በአምስት ሰዓት 135። ከስድስት እጥፍ በላይ ልዩነት! ይህን የጂፕሰሙ ባለቤት አያውቅም? ያውቃል እንጂ። ለዚህ ነው ሃያ አራቱም የሚበሩት እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሆነው። እንግዳው ሲወጣ ቷ! ቷ! ቷ! ይጠፋሉ፤ ቤተሰቡ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ይቀመጣል። እዩኝ እዩኝ ያለች፣ ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች።

ወጥ ቤቱንስ አይታችሁታል? እንግዳ የማይገባበት ስለሆነ ያቺ የደከመች አምፖል የምትላከው ወደዚያ ነው። ቢላ ያለው የት ነው? የፈላ ዘይት ያለው የት ነው? ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ምስር የምትለቅመው ሴት የቆመችው የት ነው? ተጋዳሚው ወንድ ስልኩን የሚነካካበት ሳሎን እንደ ስታዲየም በርቶ፣ እሷ ጣቷን በዳበሳ ታድናለች። ኮርኒስ ላይ አምፖል የግድ የሚል ሰው ካለ፣ እሺ፣ እዚያ ስቀሉ! እዚያ ነጩንም ስቀሉት፤ አልከራከርም። ግን ስለ ወጥ ቤት ብርሃን ከአከራዩ ጋር የተጣላ ተከራይ አንድም አላየሁም። ጠቡ ሁሉ ለሳሎኑ ነው።

አሜሪካ የሄዱትን ጠይቋቸው። ሚኒያፖሊስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ የተከራየ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ሲገባ አንጋጦ ይፈልጋል፤ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ምንም የለም። «ይሄ ነው አሜሪካ?» ይላል። አዎ፣ ይሄ ነው። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ ሳሎንና መኝታ ቤት ውስጥ በጣሪያ አምፖል ፋንታ በበሩ ማብሪያ ማጥፊያ የሚታዘዝ ሶኬት ቢኖር ይበቃል ይላል። በሩን ከፍተህ ማብሪያውን ስትጫን ሶፋው አጠገብ የቆመችው መብራት ትበራለች። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ግን በዚህ አያመልጡም፤ እዚያ በማብሪያ የሚበራ የራሳቸው ቋሚ መብራት ግዴታ ነው። አያችሁ? ብርሃን የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው አለ። እንከን የለባቸውም አልልም። 300 ዋት ሃሎጅን የተገጠመባቸው ረጃጅም የቁም መብራቶች መጋረጃ እያቃጠሉ አስቸግረው በ1997 እ.ኤ.አ. ወደ 40 ሚሊዮን የሚሆኑት የብረት መከለያ እንዲጨመርላቸው ተወስኖ ነበር። የዛሬው 9 ዋት ኤልኢዲ ግን ያ ግለት የለውም። ይህን ሰበብ አታቅርቡልኝ።

እንግዲህ ወደ እኛ ድንበር። እኛ የምንኖረው ሁለት ዓይነት ሶኬት በሚገናኝበት ከተማ ነው። ከወዲያ ማዶ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ዕቃ መሰኪያው ክብ ባለሁለት እግር ነው፤ የእኛ ግድግዳ ግን እንግሊዝ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራበትን ባለሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይዟል። አምፖሉም እንዲሁ ነው፤ የኢትዮጵያው ጠመዝማዛ፣ የኬንያው በብዛት ባለሁለት ጆሮ። ታዲያ ምን ይደረጋል? እስክርቢቶ ይመጣል! ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ የእስክርቢቶ ቆብ ይሰካል፤ የታችኞቹ መከለያዎች ይከፈታሉ፤ ክቡ እግር በግድ ይጠቀጠቃል። ሴሲም ሂዱ ቡቲዬ፣ በየሰፈራችን ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። በኩራት ነው የምናሳየው።

የሚያኮራ ነገር ግን የለውም። ያ ላይኛው ቀዳዳ የምድር መስመሩ ነው፤ መከለያው የተሠራው ሕፃን ምስማር እንዳይሰካበት ነው። ክብ እግር አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ አጥብቆ አይያዝም፤ ይላላል፣ ይፈነጥቃል፣ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል። ከሁሉ የሚከፋው ማንም የማያነሳው ነው፦ የእንግሊዙ መሰኪያ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ፊውዝ አለው፤ ለመብራት 3 አምፔር ይበቃል። ክቡን ስትጠቀጥቁ ያንን ፊውዝ ዘላችሁት። አሁን ያቺን ቀጭን የመብራት ገመድ የሚጠብቃት የሶኬት መስመሩ ባልቦላ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 32 አምፔር ነው። ገመዷ ነድዳ አመድ እስክትሆን እሱ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ይቀመጣል። እዚያች ገመድ ላይ ምስማር መትታችሁ ነው ኮርኒስ አቋርጣችሁ ወደ ሶፋው አናት የወሰዳችኋት! ከሥሯ ልጆቻችሁ ተኝተዋል። መፍትሔው ስንት ይፈጃል? ክቡን መሰኪያ ቆርጦ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ባለሦስት እግር መሰኪያ ማስገባት ለፉንዲ የአፍታ ሥራ ነው። መብራቱ የብረት አካል ካለው ገመዱ ባለሦስት ክር ሆኖ ምድሩ ይያዝለት። አለቀ። ኮርኒሱን ከመቸንከር በስንት ጣዕሙ!

«ታዲያ ሦስት ቦታ እየዞርኩ ላብራ?» የሚል ሰነፍ አይጠፋም። ሦስቱን በአንድ ዲቫይደር ሰብስብና በአንድ ማጥፊያ አብራቸው። ሦስት ኤልኢዲ ለዲቫይደር ምኑም አይደለም፤ ምድጃና ካውያ አትጨምርበት እንጂ። ገመዱን በግድግዳው ሥር አስኪደው፤ ምንጣፍ ሥር አትቅበረው፤ ሲላጥ አታየውም። ከሦስቱ አንዷን ባትሪ ያላት አድርጋት፤ ኃይል ሲሄድ ሻማ ፍለጋ አትደናበርም።

ስለ ኃይል ካነሳን አንድ ነገር ልበል። የእኛ ከተማ ለዓመታት የበራው ኬንያ ከኢትዮጵያ በምትገዛው ኃይል ነው። ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኃይል ጭኖ በማርሳቢት አውራጃችን ላይ አልፎ ይሄዳል። ዲሲ የሚባለው መስመር ስለሆነ በየመንገዱ እንደ ልብ አይቀነጠብም፤ ሥሩ ያለው መንደር ግን በኩራዝ ያመሻል። እሺ፣ ቴክኒኩ ነው እንበል። ለእነዚያ መንደሮች ሌላ መስመር ይዘርጋ ብሎ ድምፁን ያሰማ ስንት ነው? ይህን ሁሉ ኃይል ከራሱ በላይ እያሳለፈ ዝም ያለ ሕዝብ፣ ሳሎን ሲገባ አምፖል ከራሴ በላይ ካልተሰቀለ ብሎ ቤት ይረብሻል!

ጠባችሁ የሚገባው ግድግዳው ላይ ነበር። በአንድ ሳሎን አንድ ሶኬት፣ እሱንም በር ኋላ ቀብሮ የሚያከራይ አለ። እሱን ማንም አይናገረውም። አምስት ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል አንድ ሶኬት ማለት ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ቻርጀርና መብራት በአንድ ቀዳዳ ላይ ተደራርበው እስኪቀልጡ መጠበቅ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት የእኛ ከተማ ተከራይ መሆን አለባት። የጣሪያ አምፖል ስትለምኑ አከራዩ ደስ ይለዋል። ርካሽ ነው። አንድ ገመድ፣ አንድ ፖርታላምፓዳ፣ «በሉ መብራት አስገባሁላችሁ»፣ በሚቀጥለው ወር ኪራይ ጨመረ። እምቢ ካለ ደግሞ እናንተው በገንዘባችሁ ታስገባላችሁ። ስትወጡስ? ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ? ጂፕሰሙን አጣጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ ትከታላችሁ? ኮርኒሱ ላይ የሰቀላችሁት ሁሉ ለአከራዩ የሰጣችሁት ስጦታ ነው። የቁም መብራት ግን ከወንበራችሁና ከረከቦታችሁ ጋር ጋሪ ላይ ይወጣል፤ ናይሮቢም ብትገቡ ሀዋሳ አብሯችሁ ይገባል። በኪራይ ለሚኖር፣ በየዓመቱ ለሚባረር ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልገው ነበር?

ከእንግዲህ ቤት ስታዩ አታንጋጡ። ግድግዳ ግድግዳውን ዙሩ። «ጋሼ፣ ሶኬቱ ስንት ነው? በየግድግዳው አለ? በበሩ ማጥፊያ የሚታዘዝ አለው? ምድሩስ ተይዟል?» በሉት። ግራ ይጋባል፤ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆት አያውቅማ። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ያውልህ፣ ለቻንደሌር መስቀያ አዘጋጅቼለሃለሁ» ካለ፣ የመስቀያው ከኪራዩ ላይ ይቀነስልኝ በሉት።